የበይሉል ሁለተኛ ደም

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ መቀመጥ ነበር። የቅጥር ወረቀቴ «ረዳት ድሬሰር» ይላል። የአሰብ ሰው ግን «ትንኝ ያዥ» ነበር የሚለን፤ እውነቱን ለመናገር ትክክለኛው ማዕረግ ያ ነበር። ከደሴ በጭነት መኪና ተሳፍሬ፣ በረሃውን አቋርጬ፣ ጆሮዬ አሸዋ ሞልቶ ስደርስ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ መርፌ የምወጋ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ዱካ ነው። ወደቡ አጠገብ ካለ የሳንቃ ቤት ጥላ ሥር፣ ከአንድ የውሃ በርሜል ፊት ለፊት አስቀመጡኝና «እግርህን ዘርጋ፤ አትንቀሳቀስ፤ አትተኛ» ተባልኩ።

ከባዱ አትተኛ የሚለው ነበር። ቀትር ላይ አሰብ ታንቀላፋለች። በረንዳ ላይ የተዘረጋው ሰው፣ ከግድግዳው ጥላ የተጣበቀችው ፍየል፣ መልሕቋን የጣለችው ሳምቡክ ጀልባ፣ ሁሉም ጸጥ ይላሉ። ባሕሩና ሰማዩ አንድ ነጭ ይሆናሉ፤ የጨው ማምረቻው ከሁለቱም ይብስ ይነጣል። እኔ በዚያ ነጭ መሐል ቁጭ ብዬ የገዛ ጉልበቴን እመለከታለሁ። አንዳንዱን ትንኝ በእውኔ ይሁን በሕልሜ እንደያዝኩት ለራሴም ይምታታብኝ ነበር፤ ማታ ማጠራቀሚያ ዕቃው ውስጥ ሳገኛት ነው የማምነው።

መሣሪያችን ቀላል ነው። ጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ የመስታወት ቱቦ ይሰካል። ጎማውን በአፍህ ትይዛለህ፤ ትንኟ እግርህ ላይ ስታርፍ መስታወቱን ቀስ ብለህ አስጠግተህ ወደ ውስጥ ትስባታለህ። ወደ አፍህ እንዳታልፍ መሐሉ ላይ ስስ ጨርቅ ተወጥሯል። ጨርቁ መላላቱን ሳላይ የሳብኩበት ቀን ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ ዓሊ እሱን እያነሳ ሲስቅብኝ ኖረ። የምንፈልጋት ትንኝ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት፣ በቀን የምትናከስ፣ ሰው ባጠራቀመው ንጹህ ውሃ ውስጥ የምትፈለፈል ነበረች። ሳትነክስ መያዝ የባለሙያ፣ ከነከሰች በኋላ መያዝ የሰነፍ ነው ይለን ነበር አለቃችን።

አለቃችን የውጭ አገር ሐኪም ነበር። ስሙ ለአፋችን ስለከበደን ሁላችንም «ዶቶሬ» እንለው ነበር። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ግን ወዳጅ ሆኖ ስለሚታየኝ እንዲህ መጻፉ ይቀለኛል። ዘመኑ የፌዴሬሽኑ ዘመን ነው። በቀይ ባሕር ወደቦች መሐል አዲስ ዓይነት ንዳድ ይመላለስ ነበር፤ ግንባርን ይፈልጣል፣ መገጣጠሚያን ይሰብራል፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ጥሎ ይሄዳል። ምንነቱን ለማወቅ የተለያዩ አገሮች ተባብረው ነበር። የእኛ መንግሥት ቤትና ሠራተኛ ሰጠ፤ የዶቶሬ አገር መሣሪያና ላቦራቶሪ ሰጠ፤ ትንኞቹ ደግሞ በሣጥን ታሽገው ወደ ሌላ አገር ባለሙያ ይሄዱ ነበር። እኔና ዓሊ እግራችንን ሰጠን።

ዓሊ የካሚዮናችን ሾፌር፣ አስተርጓሚያችንና ሁለተኛው ትንኝ ያዥ ነበር። አፋር ነው፣ ከአሰብ በስተሰሜን ያለችው የባሕር ዳር መንደር የበይሉል ልጅ። አፋርኛን ከእናቱ፣ ዓረብኛን ከጀልባ፣ ጣልያንኛን ከጋራዥ፣ አማርኛን ደግሞ ከእኛ ለቅሞ ነበር። ንዳዱ በይሉል ገብቷል የሚለውን ያመጣልን እሱ ነው።

በይሉል የደረስን ዕለት እኔ መርፌና ጥጥ ለማውጣት ተጣደፍኩ። ዓሊ እጄን ያዘና «መጀመሪያ ዳጉ» አለኝ። ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው። ቁጭ ይባላል። ከዝናቡና ከግጦሹ ተጀምሮ፣ መንገድ ላይ የታየው ሰውና ግመል፣ የታመመው፣ የተወለደው፣ የመጣችው ጀልባ፣ ሁሉም በየተራው ይነገራል። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይመልሳል። የበይሉል ሽማግሌ ሼህ ሁመድ በዚያ ቀን ለዶቶሬ የነገሩት ወሬ ሐኪም ሆን ብሎ ቢጠይቅ የማያገኘው ነበር፤ ከባሕሩ ማዶ ከሞካ የመጣችው ሳምቡክ የትኛዋ እንደሆነች፣ መጀመሪያ ማን ቤት ሰው እንደተኛ፣ ከዚያ ወደ የትኛው ቤት እንደተሻገረ። ዶቶሬ ዓይኑ እያበራ ያዳምጥ ነበር።

ደም መቅዳት ስንጀምር ፋጡማ የምትባል ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ሐስና ትባላለች፤ ትኩሳቷ ገና አልበረደም። ፋጡማ ክንዷን ከመስጠቷ በፊት በዓሊ አፍ እንዲህ አለችኝ፦

«ለበሽታው ስም አላጣንም። መርከበኞቹ የጉልበት አባት ይሉታል። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በእጅ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ልጄ ለአጎቷ ልጅ ታጭታለች፣ ዒድ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር ነው ያለው። አንድ ነጋዴ በእጅና በብርድ ልብስ ይጋባል ብሎ አወራ። የልጁ አባት፣ የእናቴ ልጅ፣ የገዛ ወንድሜ፣ ከታመመ ቤት ሙሽራ አላስገባም፣ እስኪታወቅ ትቆይ ብሎ ላከብኝ። ደሟን ውሰድ፤ መልሱን አምጣልኝ።»

«አመጣለሁ» አልኳት። ሐስና ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ነበር። መርፌው ሲገባ አልተንቀሳቀሰችም።

ስንመለስ ዶቶሬን «ለሴትዮዋ ምን እንበላት?» አልኩት።

«አሁን ያለኝ ጥርጣሬ ብቻ ነው» አለ። «ትንኝ ይመስለኛል። ቅማል የሚያመጣው ግርሻ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ሙሽራዋን ዒድ ልኬ አንድ መንደር አስፈጃለሁ። እስክናውቅ አፋችንን እንያዝ።»

ደሙን አርግተን፣ ከላይ የተንሳፈፈውን ፈሳሽ ለይተን፣ ወደቡ ካለው የበረዶ ቤት ባመጣነው በረዶ ከተሞላ ፔርሙዝ ውስጥ ከተትነው። ከአሰብ አውሮፕላን ማረፊያ በዳኮታ ሄደ። አውሮፕላኑ ጨው ሜዳው ላይ ጥላውን እየጎተተ ሲነሳ ቆሜ አየሁት። የሐስና ደም እሷ የማታውቀውን አገር ሊያይ መሄዱ ደንቆኝ ነበር።

ከላቦራቶሪው የመጣው መልስ ግን መልስ አልነበረም። «ሁለተኛ ደም ላኩ» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሽተኛው ገና ሲታመም የተቀዳው ደም ብቻውን አይናገርም። ከዳነ በኋላ ከዚያው ሰው ሌላ ደም ይቀዳል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው ሰውነቱ ከየትኛው በሽታ ጋር እንደታገለ የሚታወቀው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ከዶቶሬና ከዓሊ ጋር ወደ በይሉል ተመለስኩ። ሼህ ሁመድ በክብር ተቀበሉን፤ ውሃ ቀረበልን፣ ምንጣፍ ተነጠፈልን። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ተቀመጡ። ዓሊ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተራው የእናንተ ነው» አሉ ሼህ ሁመድ። «ባለፈው እኛ ያለንን ሁሉ ነግረናችኋል።»

ምንም አልነበረንም። ፋጡማ ከቤቷ ደጃፍ ሆና እኔን ነበር የምታየው። «ፊተኛው ደም የት ደረሰ?» አለችኝ።

«ፈረንጅ አገር ደርሷል።»

«ምን አለ?»

«ሁለተኛ ይምጣ አለ።»

«ሁለተኛው ሄዶ ሦስተኛ ይምጣ ቢልስ?»

ወደ ዶቶሬ ዞርኩ። ዶቶሬ የደሙን ነገር አስረዳ፣ ዓሊ ተረጎመ፤ ሰዎቹም በጨዋነት አዳመጡና ማንም ክንዱን አልዘረጋም። ባዶ ፔርሙዛችንን ይዘን ወጣን። በረዶው መንገድ ላይ ቀለጠ፤ እኛም ፊታችንን ታጠብንበት።

እንግዲህ ነገሩ ተቋጠረ። ሁለተኛ ደም ሳይኖር መልስ የለም፤ መልስ ሳይኖር ሁለተኛ ደም የለም። ዶቶሬ አልተቆጣም። «እኔም እሷን ብሆን አልሰጥም» አለ። ዓሊ ግን ከበይሉል ሌላ ወሬ ሰምቶ መጣ፤ የፋጡማ ወንድም መጠበቅ ሰልችቶት ለልጁ ሌላ ቤት ማየት ጀምሯል። አመጣለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ነጩን ባሕር ሳይ፣ ከብርሃኑ ውስጥ የሐስና የዞረ ፊት ይመጣብኝ ጀመር።

ቋጠሮውን የፈታው ያልጠበቅነው ነገር ነው። ዶቶሬ ከእኛ ጋር በተራ ይቀመጥ ነበር። «ማጥመጃው ላይ ሁላችንም እኩል ነን» ብሎ ቀይ ቅልጥሙን ገልጦ ሳምቡክ ሆድ ውስጥ፣ ከውሃ በርሜሎቹ መሐል ቀኑን ያሳልፋል። እንዲህ ያለ ቀይ እግር ትንኝ እንዴት ትለፈው? አንድ ቀን ጧት ወደሚያድርበት እንግዳ ማረፊያ ሄጄ ሳየው ፊቱ ቀልቶ፣ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት ተጋድሟል። ከዓይኔ ኋላ ያመኛል አለ። ጉልበቴም አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ክንዱን ዘረጋልኝ።

«አሁኑኑ ቅዳ። ከዳንኩም በኋላ ትቀዳለህ» አለኝ።

ስንቱን ስወጋ ያልፈራሁ፣ ያን ቀን ፈራሁ። ደሙን ቀድቼ አጎበሩን በላዩ ላይ አወረድኩ። «በደንብ ሰካው» አለኝ፤ «ትንኝ እኔን ነክሳ ወደ አንተ እንዳትሄድ።»

እስኪሻለው አብሬው ሆንኩ። ክፍሉ ውስጥ ነበር የማድረው። ላቡን እጠርጋለሁ፣ አቀናዋለሁ፣ ዓሊ የሚያመጣውን የዓሣ መረቅ አጎርሰዋለሁ፤ የተረፈውን ከዚያው ሳህን እኔ እበላለሁ። ትኩሳቱ ሲብስበት በራሱ ቋንቋ ከማላያቸው ሰዎች ጋር ያወራ ነበር። አንድ ቀን በቀትር ሁለታችን በምንግባባበት ጣልያንኛ «መስኮቱን ዝጋ፣ በረዶ እየገባ ነው» አለኝ። በአሰብ፣ በዚያ ሙቀት! ተነስቼ ዘጋሁት። ሁለታችንም በጨለማው ውስጥ ቆየን፤ እኔ በላብ እየቀለጥኩ፣ እሱ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ እየሳበ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ለጥቂት ጊዜ እኔም በረዶው ሲወርድ የሰማሁ መሰለኝ።

ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሽፍታው ወጣ፣ ቆዳው ተላጠ፣ እሱም እንደ ሕፃን መራመድ ጀመረ። ጊዜው ሲደርስ ሁለተኛውን ደም ቀዳሁ። የመጀመሪያውን በበረዶ ጠብቄ አቆይቼው ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ፔርሙዝ ሄዱ።

መልሱ በቴሌግራም መጣ። ዶቶሬ አነበበውና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «አሁን አውቃለሁ» አለኝ። «የትንኟ ነው። ደንጊ ይባላል። ቅማል አይደለም፣ በእጅም አይሄድም።» እጄን ያዘና በኃይል ጨበጠው።

እሱ ግን አቅሙ አልተመለሰም፤ አገሩ ሄዶ እንዲያርፍ ታዘዘ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስሰናበተው «ለሴትዮዋ ቃል የገባኸው አንተ ነህ» አለኝ። «ስለ እኔ ያየኸውን ሁሉ ንገራት፤ የበረዶውንም ጭምር።» ይህን ለምን እንዳለ በኋላ ነው የገባኝ።

በይሉል ስንደርስ ካሚዮኑ ገና በቅጡ ሳይቆም መርገጫው ላይ ቆምኩና እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮኽኩ። «በሽታው በእጅ አይተላለፍም! ትንኝ ናት የምታመጣው! በላቦራቶሪ ተረጋግጧል!» ዓሊን ተርጉም አልኩት። ተረጎመ። ሰዎቹ በአክብሮት አዩኝ። አንዲት ፍየል አሳለች። ሌላ ምንም የለም።

«ጨረስክ?» አለኝ ዓሊ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ውረድና እንጀምር።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም ወርጄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩና መልቀም ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ሁሌ ዓሊ ነበር ዳጉውን የሚያወራው። ያን ቀን ግን ሼህ ሁመድ «ደሙን የወሰደው እሱ ነው፣ ወሬውም ከእሱ ነው» አሉ። ስለ ዝናቡ ተናገርኩ፤ አልዘነበም። መንገድ ላይ ስላየናቸው ግመሎች ተናገርኩ፤ ዓሊ የማን እንደሆኑ አከለበት። ስለ ባሕሩ፣ ስለ አሰብ ተናገርኩ። ማንም አልቸኮለም። ነፋሱ በዘንባባዎቹ መሐል እያለፈ፣ ጊዜው ራሱ ምንጣፉ ላይ አብሮን የተቀመጠ ይመስል ነበር። መጨረሻ ላይ ወደ ንዳዱ ደረስኩ።

«ያየኸውን ለብቻው፣ የሰማኸውን ለብቻው አድርግ» አሉኝ ሼህ ሁመድ።

የሰማሁትን አስቀደምኩ። ከማን ሰማህ አሉኝ፤ ከዶቶሬ። እሱስ ከማን? ደሙን ከመረመሩት ሰዎች። «መልካም፣ ይህ የተሰማው ነው» አሉ። «ያየኸውስ?»

ያን ጊዜ የዶቶሬን ሕመም ነገርኳቸው፤ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሽፍታው፣ ስለ አጎበሩ። የበረዶውንም ተናገርኩ። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በይሉልም ንዳዱ ሲበረታበት የሌለ ነገር ያየ ብዙ ሰው ነበረ። ፋጡማ ከሴቶቹ መሐል ወደ ፊት መጣች።

«ላቡን በምን ጠረግህ?»

«በእጄ።»

«በባዶ እጅህ?»

«በባዶ እጄ።»

«ከሳህኑ በላህ?»

«በላሁ።»

«ታመምክ?»

«አልታመምኩም። ከዚያ በፊትም ንዳዱ ይዞኝ አያውቅም።»

እጄን ጠየቀችኝ። ዘረጋሁላት። መዳፌን ገልብጣ አየችው፤ ከዚያ ሄዳ ሐስናን አመጣችና የልጅቷን እጅጌ ራሷ ሰበሰበችው። ሌሎቹም ተከትለው ተሰለፉ። እኔ ደም ስቀዳ፣ ዓሊ የውሃ በርሜሎቹን እየዞረ ትንኝ እንዳትፈለፈል እንዴት እንደሚከደኑና ጎናቸው እንዴት እንደሚፋቅ ሲያሳይ፣ ሁለት ሰዎች ጀልባ ገፍተው ወደ ዒድ ሸራቸውን ከፈቱ። ወሬው እኛ ዕቃችንን ሳንሸክፍ መንገድ ጀመረ።

ከዚያ ጥቂት ሰንብቶ፣ አሰብ፣ የማላውቀው ሰው ከሥራ ቤታችን ደጃፍ መጣ። አፋር ነው፤ ዓሊ ጠርቶኝ ወጣሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዝናቡ ጀመረ። በዒድ በኩል ጥቂት ጥሏል። ፍየሎቹ ደህና ናቸው። ዓሣው በዝቷል። በበይሉል አዲስ የታመመ የለም። እኔ አልቸኮልኩም፤ ተምሬያለሁ።

«አሁን የምነግርህ ያየሁትን ነው» አለኝ። «የፋጡማ ልጅ ዒድ ገባች። አጎቷ እደጃፉ ቆሞ ወተት ሰጣት። በገዛ እጁ ነው የሰጣት፤ እሷም ከእጁ ተቀብላ ጠጣች። ፋጡማ ይህን ንገረው፣ እሱም ለዚያ ለታመመው ሐኪም ያድርስ ብላለች።»

በደብዳቤ አደረስኩ። ዶቶሬ አልተመለሰም፤ በእሱ እግር የመጡት ግን ብዙ ነበሩ። ከብዙ አገር ሰዎች ጋር፣ በብዙ በሽታ ላይ፣ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። አዲስ ቡድን በመጣ ቁጥር፣ መርፌ ከመከፈቱ በፊት፣ መልሱን ይዞ የሚመለሰው ማን ነው ብዬ እጠይቅ ነበር። አንዳንዱ ይህ በዕቅዱ ውስጥ የለም ይለኝ ነበር፤ እኔም እንግዲያው እንጨምረው እለዋለሁ። በዚህ ሙያ ያላችሁ ልጆች፣ ደም ከመውሰዳችሁ በፊት መልሱን የሚያደርሰውን ሰው ሰይሙ። ባለ ደሙ ሳይሰማ ሥራው አላለቀም።